ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ከመቅደላ እስከ አሰበ ተፈሪ

የዘንድሮው የመገናኛ በዓላችን አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጅማ ዘመናችን መጻፍ ነበር። ስለ ሲቢቲፒው፣ ቤት ለቤት እየዞርን ስለቆጠርነው ሽንት ቤት፣ በአጋሮና በአሰንዳቦ ጤና ጣቢያዎች ስላሳለፍነው የቲቲፒ ጊዜ። ግን እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ በተገናኘን ቁጥር ቡናው እስኪቀርብ የምንደጋግማቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ የምሠራው ጭሮ ነው፤ አንጋፋዎቹ እስካሁን አሰበ ተፈሪ የሚሏት ከተማ። እዚህ ተቀምጦ ስለ አገልግሎት የሚያስብ ሐኪም ዘሎት ሊያልፍ የማይችል አንድ ሰው አለ፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ በኋላም የጨርጨር ገዥ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። ስለዚህ የእኛን ታሪክ ለጊዜው ላቆየውና የእሳቸውን ልናገር።

ወርቅነህ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1865 ገደማ ጎንደር ውስጥ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ቤተሰባቸው መቅደላ አምባ ላይ ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሕፃን ወላጅ ዘመድ አጠገቡ ሳይኖር ተገኘ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ይዞት ወደ ህንድ ሄደ፤ ሁለት መኮንኖች ተራ በተራ አሳዳጊ ሆኑት። ቻርልስ ማርቲን የሚለውም ስም የወጣለት ከእነዚህ ሰዎች ነው። ወርቅነህ የሚለው ስም ተረሳ፣ አማርኛውም አብሮ ጠፋ።

በዚያው ዘመቻ ከመቅደላ ስለተወሰዱት ታቦታትና የብራና መጻሕፍት ዛሬም እንከራከራለን፣ ይመለሱ እንላለን። ከዚያ ጭነት ውስጥ ግን አንዱ በገዛ እግሩ ተመልሶ የመጣ ሰው መሆኑን የሚያስታውስ ብዙም አላጋጠመኝም።

ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ሲመረቅ ዕድሜው 17 ገደማ ነበር። በዚያ ዕድሜ እኛ የማትሪክ ውጤት እንጠባበቅ ነበር! ቀጥሎ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራ ተጨማሪ የሐኪምነት ማዕረግ አገኙ፤ ከዚያ በእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ተቀጥረው በርማ ገቡ። ደመወዝ አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ የጡረታ ዋስትና አላቸው። ሰላሳዎቹን ዕድሜያቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው፤ በሰው አገር፣ የሌላ ሕዝብ ሐኪም ሆነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ሁሉ ሰማ። እዚያ በርማ የነበሩት ዶክተር ማርቲንም ሰሙ። በልጅነታቸው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ተነግሯቸዋል፤ ከድሉ በኋላ ግን ያቺን አገር በዓይናቸው ሳያዩ መኖር የማይችሉ ሆኑ። ፈቃድ ጠየቁ፣ የራሳቸውን ገንዘብ አወጡ፣ መድኃኒትና መሣሪያ ሸከፉና እ.ኤ.አ. በ1899 በዘይላ በኩል ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። የባቡር ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ እንኳን አልደረሰም ነበር፤ ጉዞው በበቅሎና በግመል ነው።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ያደረጉት ነገር ለእኛ ለሐኪሞቹ በደንብ ይገባናል። ድንኳን ተከሉ፣ ሕመምተኛ መቀበል ጀመሩ፤ ክፍያ የለም። እስቲ አስቡት፣ ሐኪሙ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ከበሽተኛው ጋር የሚነጋገረው ግን በአስተርጓሚ ነው። የት ያምሃል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን በልተህ ነበር የሚለውን ጥያቄ በገዛ ወገኑ ቋንቋ መጠየቅ አይችልም። ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ተዛመተና ዘመዶች ይፈልጓቸው ጀመር። በመጨረሻ አያታቸው መጡ፤ በልጅነት ክንዱና እግሩ ላይ የነበረውን ጠባሳ ተናገሩ። ልብስ ገልጠው ሲያዩ ጠባሳው በቦታው ነበረ። ቻርልስ ማርቲን ወርቅነህ መሆናቸውን ያወቁት እንግዲህ በዚያ ቀን ነው። የአካል ምርመራ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እውነትም ያምራል። እኔ የሚስበኝ የቀጠለው ነው። ሐኪም ወርቅነህ ዐፄ ምኒልክ በክብር ተቀብለዋቸው፣ ዘመድ ተገኝቶላቸው፣ በሽተኛ ከበር ላይ ተሰልፎላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ተመልሰው ወደ በርማ ሄዱ። ፈቃዳቸው አለቀ። የቆዩበት ጊዜ ዛሬ እኛ ከምናደርጋቸው የነፃ ሕክምና ዘመቻዎች በብዙ ይረዝማል፣ ግን ያው ዘመቻ ነበር፤ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰልፉ ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ1908 እንደገና መጡ፤ አሁን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው። የታመሙትን ዐፄ ምኒልክን ካከሙት አንዱ ነበሩ፣ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አገቡ፣ ቤተሰብ መሠረቱ። እንደገና ወደ በርማ ተመለሱ። አገልግሎታቸውን ጨርሰው፣ ጡረታቸውን አስከብረው ለመኖር የመጡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ከመጀመሪያው ድንኳን 20 ዓመት በኋላ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ብዙ ሰው ማረፍ በሚጀምርበት ዕድሜ እሳቸው ሥራ ጀመሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሥር ዓመት ሁሉንም ለመዘርዘር ቦታ የለኝም። የውጭ ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኝተዋል። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በሦስት ዓመት ዕድሜው ቋንቋውን የተቀማ ሰው፣ ቋንቋውን እንደገና ተምሮ ለልጆች የመማሪያ መጽሐፍ ጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ሊዋዋሉ አሜሪካ ተልከው፣ በዚያው ሃርለም ወርደው ጥቁር ባለሙያዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ለኛ ርዕስ ቅርብ የሆነው ደግሞ የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የሚባለው ነው። የከተማው የተማረ ሰው ተሰብስቦ ለድሃው አንድ ነገር እንዲሠራ የተቋቋመ ማኅበር ነበር፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች እንዲማሩም ደክመዋል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የምናየው የበጎ አድራጎት ክበብ ሁሉ አያት አለው ከተባለ፣ አንዱ ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኔ ከተማ ልምጣ።

ጨርጨር ማለት ዛሬ ምዕራብ ሐረርጌ የምንለው ደጋው ነው፤ ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ ሚኤሶ። የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው፤ ኦዳ ቡልቱም፣ የኢቱ የገዳ መሰብሰቢያ፣ በዴሳ አካባቢ ነው ያለው። ጭሮ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም በራሱ ታሪክ ያወራል፤ ተፈሪ ያሰበው ቦታ ማለት ነው። ያሰቡትን በሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ ከሐኪም ወርቅነህ በፊት ጨርጨርን የገዙት፣ በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። እ.ኤ.አ. በ1930 ሐኪም ወርቅነህ ተተኩ። አንድ የጦር መሐንዲስ ባይሆን መድፈኛ፣ ቀጥሎ አንድ ሐኪም። ለአንዲት አውራጃ ዋና ከተማ የሚገርም ዕድል ነው።

ጨርጨር የሞዴል አውራጃ ነበረች። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ለዚያ ዘመን ግን አስቸጋሪ። ሹሙና ወታደሩ ገበሬው ላይ ተተክሎ ከሚበላ ደመወዝ ይከፈለው፤ ግብሩ የታወቀ ይሁን፤ መንገድ ይሠራ፤ ቡናው ወደ ባቡሩ ይድረስ፤ ልጆች ይማሩ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፊደል የቆጠረ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ወጣት ነው፤ ያ ወጣት ደግሞ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ መቅረት ይመርጣል። በዚህ በኩል ከዘጠና ዓመት በኋላ የተለወጠ ነገር ካለ ንገሩኝ! ሚኤሶ ጣቢያ ወርዶ ሽቅብ ወደ አሰበ ተፈሪ መውጣት ለአንድ የከተማ ተማሪ ያኔም ቅጣት ይመስለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሐኪሙ ግን በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው ወጡት።

ነገሩን አላሳምርም። ሐኪም ወርቅነህ እዚህ የመጡት በንጉሠ ነገሥቱ ተሹመው ነው፤ ኢቱ አልመረጣቸውም፣ መምጣታቸውንም አልተጠየቀም። የሞዴል አውራጃ የሚባለውም ከማዕከል የታቀደ፣ ከማዕከል የሚመዘን ሥራ ነው፤ የገባር ሥርዓት በአገሩ ሁሉ በነበረበት ጊዜ አንዲት አውራጃ ብቻዋን ንጹሕ ልትሆን አትችልም። አብረውኝ የሚሠሩ የአካባቢው ተወላጆች ስለ እሳቸው ስናወራ ይህንን ያነሱብኛል፣ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። ቢሆንም ከ1899ኙ ድንኳን ጋር ሳስተያየው አንድ ትልቅ ልዩነት ይታየኛል። በድንኳኑ ጊዜ በሽተኛው ወደ ሐኪሙ መጣ፣ ሐኪሙ ደግሞ ሄደ። በጨርጨር ጊዜ ሐኪሙ ግብሩንም፣ መንገዱንም፣ ትምህርት ቤቱንም ተሸከመ፤ ሥራው ቢበላሽ ተጠያቂው ራሱ ነው። ተቀምጦ ውጤቱን ማየት ነበረበት።

ብዙ አላቆዩአቸውም። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ የለንደን ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። በዚያ አስከፊ ጊዜ ገንዘብ እየለመኑ፣ ጋዜጣ ላይ እየጻፉ፣ ከሲልቪያ ፓንክረስት ጋር እየሠሩ ስለ አገራቸው ጮኹ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን ኢትዮጵያ ነበሩ፤ የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ነቀምቴ ላይ ከመሠረቱት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣልያን የተማረውን ሰው እየለቀመ ሲገድል ሁለቱም ተገደሉ። አባት በመቅደላ ቤተሰቡን ያጣ ልጅ ነበር፤ በስተርጅና ደግሞ ልጆቹን ያጣ አባት ሆነ። ከነፃነት በኋላ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በተወለዱባት ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የኮሙዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠለጥኑበት መንገድ የመጣው ከዚያ ነው፤ የጅማው ቲቲፒያችን የዚያ ልጅ ነው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር መላክ ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ከአንጋፋ መምህራኖቻችን ውስጥ በዚያ የወጡ አሉ፤ ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ፊታቸው ሲለወጥ አይታችኋል። አንድ ዓመት ረዥም ነው። ዝናቡንም ድርቁንም ታያለህ፣ የተማሪህን እናት ታውቃለህ፣ ሲርብ አብረህ ትራባለህ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወጣ። ያ በፈቃድ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም ነበር። ብዙ ልጆችም ሕይወታቸውን አጥተውበታል። ሆኖም ገበሬው ፊደል የለየው፣ የመሬት አዋጁንም የሰማው በእነዚያ ልጆች አፍ የሆነበት ቀበሌ ብዙ ነው።

አሁን ያለው ሌላ ነው። በየክረምቱ ልጆች በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ቲሸርታቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ጉልበታቸው ያስቀናል። ደም ግፊት ይለካሉ፣ ስኳር ይለካሉ፣ የዓይን ምርመራ ያደርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካማ ቤት ጣሪያ ያድሳሉ። ጣሪያው ይቀራል፤ ችግኙም ዝናብ ከተገኘ ይቀራል። የደም ግፊቱን ነገር ግን ልንገራችሁ። ከጭሮ ራቅ ካለ ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ በቃሬዛ ደረሱን። ልጃቸው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ከጥቂት ወራት በፊት የመጡ ተማሪዎች የለኩት ነው፣ ቁጥሩ በጣም ከፍተኛ። የአንድ ወር መድኃኒት በነፃ ተሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን እንደ ክታብ ጠቅልለው ይዘውታል። መድኃኒቱ ሲያልቅ የሰጧቸው ልጆች ይመለሳሉ ብለው ጠበቁ። ሌላ የት እንደሚሄዱ የነገራቸው የለም፤ ወይም ተነግሯቸው ይሆናል፣ እሳቸው አማርኛ አይሰሙም፣ ተማሪዎቹ ደግሞ አፋን ኦሮሞ አይችሉም ነበር። ከየት ዩኒቨርሲቲ እንደመጡ አልናገርም። ልጆቹ የለኩት በትክክል ነው፣ የሰጡት መድኃኒትም ትክክል ነው። ችግሩ ፈቃዳቸው ማለቁ ነው።

ይህንን የምጽፈው ተማሪዎቹን ላሸማቅቅ አይደለም። በዚህ ዓመት ማኅበራችንም ለበዓሉ መታሰቢያ የሦስት ቀን ነፃ ሕክምና በምዕራብ ሐረርጌ ለማድረግ ሐሳብ እንዳለው ስለሰማሁ ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል። እኔ ግን ሦስቱን ቀን እንዲህ ብንበትነው ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ጤና ጣቢያ እንምረጥ፤ ዳሮ ለቡም ይሁን ዶባ ወይም ቦኬ፣ ከሆስፒታል የራቀ ይሁን። ሦስት ዓመት፣ በየሦስት ወሩ ለአንድ ቀን፣ ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው መዝገብ። ያገኘነውን የግፊትና የስኳር በሽተኛ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ እናስመዝግብ፤ በመሐል የሚከታተላቸው የዚያው የጤና መኮንንና ነርስ ይሁኑ፤ እኛ ለእነሱ በስልክ የምንገኝ ሰዎች እንሁን። ሲቢቲፒ ላይ በየዓመቱ ወደዚያው ቀበሌ ይመልሱን የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ብዙዎቻችን ያጉረመረምንበት ነገር ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሰዎቹ በስማችን ሲጠሩን ግን ገብቶናል።

ምጥ የጠናባቸው እናቶች ጉዳይም አለ። በክረምት መንገድ ሲቆረጥ ከቆላው ወረዳ የሚመጡት የሚዘገዩት ሰዓታት ሳይሆን ቀን ነው፤ ይህንን የሦስት ቀን ዘመቻ አይነካውም። የአዋላጅ ነርሶችን ሥልጠና በየሩብ ዓመቱ ብንሰጥ ግን ይነካዋል። የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሆናችሁ የክፍል ጓደኞቼ አሁን ራሳችሁን ደብቁ፤ በስም ባልጠራችሁም አውቃችኋለሁ።

መምህራን ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪዎች ለክረምት አገልግሎት ሲላኩ የሚሞሉት ሪፖርት ላይ ስንት ሰው እንደታከመ የሚጠይቅ ሣጥን አለ። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ መድኃኒት ላይ እንዳለ የሚጠይቅ ሌላ ሣጥን ጨምሩበት። ማን ይሙላው ብትሉ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ። አፋን ኦሮሞ የሚችል ልጅ በእያንዳንዱ ቡድን ይኑር፤ ከሌለ ደግሞ ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር አጣምሯቸው፣ ሰፈራቸው ነው። ሐኪም ወርቅነህ በአስተርጓሚ ጀምረው በአማርኛ መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰዋል፤ ሐኪም ከፈለገ ይማራል ማለት ነው።

ለመምጣት ፈቃደኛ የሆናችሁ ከበዓሉ በኋላ ስማችሁን ለኮሚቴው ስጡ። መኪና ለሌላችሁ አዲሱ ባቡር ሚኤሶ ጣቢያ አለው፤ ከዚያ ወደ ላይ መውጫ መኪና አይጠፋም። ሹራብ ያዙ፣ ደጋው ማታ ማታ ይበርዳል። ለመጀመሪያው ጉዞ አሥር ሰው ይበቃል፤ እኔ የምፈልገው ለአራተኛውና ለአምስተኛው ጉዞ የሚመዘገብ ነው።